ጫማ ጫማ የምትሸት አይጥ

ኮፍያ ብቻዋን መኖር የለባትም ብሎ የወሰነው አባቴ ነው። ውሳኔውን የነገረኝ እራት ላይ፣ ሾርባዬን እፍ እያልኩ ሳቀዘቅዝ ነበር።

«አይጥ ብቻዋን ከሆነች ሆድ ይብሳታል» አለኝ። «ሆድ ከባሳት ደግሞ አትበላም። ስለዚህ ጓደኛ ላመጣላት ነው።»

ኮፍያ አይጤ ናት። ጓዳ ለጓዳ የምትሯሯጥ አይጥ እንዳትመስላችሁ። ከአንገቷ በላይ ጥቁር፣ የቀረው ገላዋ ነጭ ስለነበር ኮፍያ ያጠለቀች ትመስላለች፤ ስሟም ከዚያ መጣ። አባቴ የሚሠራው ሐኪሞች በሚሠለጥኑበት ትልቅ ግቢ ውስጥ፣ ለምርምር የሚረቡ እንስሳት ባሉበት ቤት ነበር። ያጸዳል፣ ውኃ ይቀይራል፣ ይመግባል። ተመራማሪዎቹ የማይፈልጓት አይጥ ስትኖር እያስፈቀደ ቤት ይዞ ይመጣል። ጎረቤት «ሰው እንዴት በገዛ እጁ አይጥ ቤቱ ያስገባል?» ሲለው፣ «እናንተ ቤት ሳያስፈቅዱ ይገባሉ፤ የኔዎቹ አስፈቅደው ነው የሚገቡት» ይል ነበር።

ጓደኛ ይመጣላታል ሲባል ደስ አለኝ። እማዬ ግን ቀና ብላም አላየችን። ሰሞኑን ምግቧን የምትበላው ከኛ ራቅ ብላ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ነበር።

«ታዲያ ዛሬ መጥታ ነገ አብረው አያድሩም» አለ አባቴ። «አዲስ አይጥ ለብቻዋ ክፍል ይሰጣታል። በር ይዘጋባታል። የእሷ ትንፋሽ ከኮፍያ ትንፋሽ ጋር መገናኘት የለበትም። በሽታ ይዛ መጥታ እንደሆነ በምን እናውቃለን? ሰንብታ ሰንብታ ካላስነጠሳት፣ ያኔ እናስተዋውቃቸዋለን።»

«የት ክፍል ነው የምትገባው?»

አባቴ እማዬን አየ። እማዬ ማንኪያዋን አየች።

«የኋላው ክፍል። እማዬ ጋ።»

«እማዬስ?»

«እሷማ ትጠብቃታለች። አዲስ አይጥ የሚጠብቃት አንድ ሰው ብቻ ነው። እሷ ጋ የገባ ሰው ኮፍያ ጋ አይመጣም፤ በሽታ በእጅም በልብስም ይመጣል። አንቺ የኮፍያ ጠባቂ ነሽ፣ እማዬ የአዲሷ። ሥራ ተከፋፈልን ማለት ነው።»

«አንተስ?»

«እኔ መላላኪያ ነኝ» አለና ሊስቅ ሞከረ። ሳቁ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ።

ዛሬ እኔም እናት ነኝ። ልጄ ሁለቴ ካሳላት እጄን ግንባሯ ላይ ሳላሳርፍ አልቀመጥም፤ «እማዬ፣ ትን ብሎኝ እኮ ነው» ትለኛለች፤ አልሰማትም። ስለዚህ እናቴ በዚያ ምሽት ያቺን ሾርባ እንዴት ውጣ እንደጨረሰች አሁን ሳስበው አንጀቴን ይበላኛል። ጠዋት ሐኪም ቤት ሄዳ የሳንባ ነቀርሳ ነው ተብላ ነበር። መድኃኒቱ ሠርቶ ለሰው እንደማታስተላልፍ እስኪረጋገጥ ድረስ ከልጇ መራቅ ነበረባት። አባቴ ይህን ለሰባት ዓመት ልጅ እንዴት አድርጎ ይንገር? የሚያውቀው አይጥ ነው፤ በሚያውቀው ነገረኝ።

እኔ የገባኝ ግን ሌላ ነው። እናቴ ከኔና ካላየኋት አይጥ አንዳችንን እንድትመርጥ ተጠይቃ አይጧን መረጠች።

በማግስቱ አባቴ በሰማያዊ ጨርቅ የተሸፈነ የሽቦ ቤት ይዞ ወደ ኋላው ክፍል ገባ። እማዬ ደፍ ላይ ቆማ እጇን አውለበለበችልኝ። ልሮጥ ስል አባቴ ትከሻዬን ያዘኝ። በሩ ተዘጋ።

ክፍሉ ወደ ግቢው የሚያይ መስኮት ነበረው። ከመስኮቱ ትንሽ ራቅ ብሎ የልብስ ማስጫው ገመድ ተወጥሯል። ሕጉ ይህ ነበር፦ እኔ ከገመዱ ወዲህ፣ እማዬ ከመስኮቱ ወዲያ። መነጋገር ይቻላል፤ ገመዱን ማለፍ አይቻልም። እማዬ ልብስ ማጠቢያ ቤት ልብስ በካውያ የምትተኩስ ስለነበረች በሕይወቷ ቁጭ ብላ የዋለችበትን ቀን አላውቅም። አሁን መስኮቱ ላይ ክንዷን አስደግፋ ስትውል ሳይ፣ ለአይጧ ብላ ሥራ እንኳ ተወች ብዬ የበለጠ ሆድ ባሰኝ።

«ምን እያደረገች ነው?» እላለሁ ከገመዱ ወዲህ ሆኜ።

«ማን?»

«አዲሷ ናታ።»

«እ… ተኝታለች።»

«ትናንትም ተኝታ ነበር።»

«ሰነፍ ናት። ጠዋት ጠዋት ካልተጎተተች የማትነሳ አንዲት ልጅ አውቃለሁ፤ እሷን ትመስላለች።»

«ታምራለች?»

እማዬ ወደ ክፍሉ ውስጥ ዞር ብላ ረጅም ጊዜ አየች። «ካንቺ አትበልጥም» አለች።

ይህን ስትለኝ ለአንድ ቀን ያህል አይጧን ይቅር አልኳት።

ከተወሰነ ጊዜ በኋላ አባቴ አንድ አሮጌ ሸሚዙን ቀደደና ቁራጩን ኮፍያ ቤት ውስጥ አስገባው። «አይጥ ሰው የምታውቀው በአፍንጫዋ ነው» አለኝ። «በዓይን ከመተያየታቸው በፊት በጠረን መተዋወቅ አለባቸው። ኮፍያ ይህን ጨርቅ ታቅፋ ትደር። ነገ ለአዲሷ እወስድላታለሁ፤ የአዲሷን ደግሞ ለኮፍያ አመጣላታለሁ። ሲተያዩ እንግዳ አይሆኑም።»

የአዲሷ ጨርቅ ሲመጣ ለኮፍያ ከመስጠቴ በፊት እኔ አሸተትኩት።

«አባዬ፣ ጫማ ጫማ ይሸታል።»

«ምን?»

«ጫማ። ማስቲሽም ይሸታል።»

አባቴ ጨርቁን ተቀብሎ አሸተተና ጆሮው ድረስ ቀላ። «ላቧ ነው» አለ።

«ጫማ አታደርግም እኮ።»

«እግሯ ነዋ የሚያልባት። አይጥ የሚያልባት በእግሯ ነው» አለና እንደመቆጣት ብሎ ወጣ። ኮፍያ ግን ጨርቁን ወደ ማደሪያዋ ጎትታ፣ አፍንጫዋን ቀብራበት፣ ጢሞቿን እያንቀጠቀጠች ረጅም ጊዜ ቆየች። እሷ ያመነችውን እኔ ምን ብዬ ልጠራጠር?

በዚያው ሰሞን ማዕዘኑ ላይ ያሉት ጫማ ሰፊ ግቢያችን መመላለስ አበዙ። ሱቃቸው ከአንድ ቁምሳጥን የማትበልጥ፣ ፊት ለፊቷ ሶልና ተረከዝ የተንጠለጠለባት ነበረች። አባቴን ገለል አድርገው ያናግሩታል፤ ድምፃቸው ግን ገለል የሚል ድምፅ አልነበረም።

«ስማኝ ወንድሜ፣ ያቺ ሴትዮ ዛሬም አንድ ሶል በላችብኝ።»

«ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሱኝ።»

«እኔስ እታገሥሃለሁ። የደንበኛ ጫማ ነው የበላችው። ሰውዬው በአንድ እግሩ ይሂድ? ደግሞ መቼ ነው የምትወስዳት?»

«የኋላው ክፍል ሲፈቀድ ነው፤ ያውቃሉ አይደል?»

ጫማ ሰፊው ድምፃቸው ወዲያው ዝቅ ይላል። «አውቃለሁ፤ አውቃለሁ ልጄ። እንዲያው የሆዴን ልናገር ብዬ ነው። እሷስ እንዴት ሆነች?»

እኔ በሩ ጀርባ ሆኜ እሰማለሁ። ሱቃቸው ውስጥ ፀጉሯ የተንጨባረረ ሴትዮ ተቀምጣ በሁለት እጇ ሶል እንደ ዳቦ ስትገምጥ ይታየኛል። ለምን የኛ ክፍል እስኪፈቀድ እንደምትጠብቅ አልገባኝም። ልትከራየው ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ይህን ለእማዬ ከገመዱ ወዲህ ሆኜ ስነግራት፣ መስኮቱን ይዛ እስክትንበረከክ ሳቀች። ሳቁ ሳል ሆነ። ሳሉ አላቆም አለ። ፊቷን አዙራ መጋረጃውን ጎተተች፤ ከመጋረጃው ጀርባ ለረጅም ጊዜ ሳሉን ብቻ ሰማሁ።

ያን ቀን ገባኝ። እናቴን የሚያስላት አይጧ ናት።

አባቴን «መቼ ነው የምናስተዋውቃቸው?» ብዬ በጠየቅሁት ቁጥር፣ «ትንሽ ቀርቶናል» ይለኝ ነበር። አንድ ቀን ከውጭ እንደገባ፣ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ ወንበር ላይ ተዘርፍጦ ተቀመጠ። «አስነጠሳት» አለኝ። «ስላስነጠሳት እንደ አዲስ መጀመር አለብን።» ያን ዕለት እንደ ጠላኋት አይጥ ማንንም ጠልቼ አላውቅም። አሁን እንደማውቀው፣ የመጣው ከሐኪም ቤት ነበር። የእናቴ አክታ ዳግመኛ ተመርምሮ ገና አልጸዳም ነበር።

ቀን ቀን የምውለው ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ነው። እሷ መኪናዋን ስትረግጥ ዓለም ብትገለበጥ አትሰማም። አንድ ከሰዓት በኋላ ክር ላነሳ መስዬ ወጣሁና በአጥራችን ክፍተት ገባሁ። አሳቤ ቀላል ነበር፦ አይጧን አውጥቼ እለቅቃታለሁ፤ እማዬ ታገግማለች፤ ነገሩ ያልቃል።

የኋላው ክፍል በር አልተቆለፈም። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቶ መጋረጃው ይርገበገባል። ክፍሉ መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል። እማዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች፤ ፀጉሯ ትራሱ ላይ ተበትኗል፤ ትከሻዋ ከማውቀው ትከሻ አንሷል። የሽቦው ቤት ጠረጴዛ ላይ ነበር። በእግሬ ጣት ተራምጄ ሰማያዊውን ጨርቅ ገለጥኩት።

ባዶ ነው። ሰጋቱራው አንድ የእግር ምልክት ሳይኖርበት ለጥ ብሎ ተነጥፏል። ውኃው እስከ አፉ ሙሉ ነው። እህሉ አልተነካም።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። አባቴ ስለ ሥራው ሲያጫውተኝ ነግሮኛል፦ አይጥ ስትሞት ቤቷ በሳሙና ይታጠባል፣ አዲስ ሰጋቱራ ይነጠፍበታል፣ ውኃው ይሞላል። ልክ እንደዚህ። አዲሷ ሞታለች። ያስነጥሳት የነበረው ገደላት።

ጨርቁን ይዤ እንደቆምኩ እማዬ ዞር አለች። አየችኝ። አንሶላዋን ስባ አፏና አፍንጫዋ ላይ ጫነችና በሌላው እጇ በሩን አመለከተችኝ።

«ውጪ» አለች በአንሶላው ውስጥ። «ውጪልኝ፣ የኔ እናት። ቶሎ።»

ዓይኖቿ እንባ ሞልተዋል። ጨርቁን አስተካክዬ መልሼ አለበስኩትና ወጣሁ። ለእኔ ነገሩ ሁሉ ግልጽ ሆነልኝ። እናቴ የምታለቅሰው ለአይጧ ነው፤ ሞቷን የደበቁኝ ደግሞ እንዳላዝን ነው። ስጠላት የነበረው ሁሉ ቆጨኝ። ከቁጭቱ የባሰ ደግሞ ሌላ ነገር ታየኝ። እማዬ ከአይጧ ጋር አንድ አየር ስትተነፍስ ነበር። አይጧን የገደለው ሳል አሁን የእማዬ ሳል ነው።

አባቴ ሲመጣ ልብሴን አስወልቆ በሙቅ ውኃ አጠበኝ። ከዚያ የኋላው በር ላይ ቆሞ ከእማዬ ጋር ሲነጋገር ሰማሁ።

«ብዙ ቆየች?»

«እንጃ፤ ተኝቼ ነበር።»

«ቀረበችሽ?»

«አልቀረበችኝም። የአይጧን ቤት ነው የከፈተችው።»

«ባዶውን አየችዋ» አለ አባቴ።

መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና ጉልበቱን ሲያሻሽ ቆየ። «አዲሷን አየሻት?» አለኝ በመጨረሻ።

ፊቱን አየሁት። ጢሙ አድጓል። ዓይኑ ሥር ጠቁሯል። የደከመ ሰው ነው። ሚስቱን ሊያጽናና፣ ልጁን ሊያታልል፣ የሞተች አይጥ ሊደብቅ ብቻውን የሚሮጥ ሰው። እንዴት ብዬ ልጨክንበት?

«አየኋት» አልኩት። «ሰጋቱራው ውስጥ ገብታ ተኝታለች። ጭራዋ ብቻ ይታያል።»

አባቴ ብድግ ብሎ ወደ ኋላው በር ሄደ።

በኋላ እናቴ እንደነገረችኝ፣ ሄዶ «ጭራዋን አየሁ ብላለች» ብሏታል። ሁለቱ የተነጠፈውን ሰጋቱራ በእጃቸው እየገለጡ ፈልገውታል፤ ምናልባት እኛ ሳናውቅ አንዲት ገብታ ይሆን ብለው።

በማግስቱ አባቴ ሐኪም ቤት ወሰደኝ። ነርሷ ክንዴ ላይ በቀጭን መርፌ ትንሽ ነገር ወጋችኝና «እንዳታኪው፤ ተመልሰሽ ትመጫለሽ፣ እብጠቱን አየዋለሁ» አለችኝ።

«ኮፍያንም ትወጊያታለሽ?» አልኳት።

«ኮፍያ እህትሽ ናት?»

«አይጣችን ናት» አለ አባቴ። ነርሷ ወንበሯን ወደ ኋላ ሳበች።

በቀጠሯችን ቀን ስንመለስ ነርሷ ክንዴን አይታ ለአባቴ በጆሮው የሆነ ነገር አለችው፤ ፊቱ በራ። ያም ሆኖ ለብዙ ጊዜ በየጠዋቱ ክኒን ይሰጠኝ ነበር። «እንድታድጊ ነው» ይለኛል። መከላከያ ነበር። እኔ ግን የአይጥ በሽታ መድኃኒት መሆኑን ስለማውቅ አንድም ቀን አላስቸገርኩትም፤ የማውቀውን እንዳላውቅ ሆኜ እውጠዋለሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ እኔ ጥሩ ልጅ አልነበረም። ምንም እንዳልጠረጠርኩ እንዲያስቡ ስል በየቀኑ «አዲሷ እንዴት ናት?» እላለሁ። አባቴ ጨርቁን ሲያመጣልኝ፣ ምስኪን፣ ጫማው ላይ አሽቶት ነው የሚያመጣው ብዬ አምኜ፣ «ሽታዋ ደስ ሲል» እላለሁ። አንዴ እንዲያውም «ዛሬ የበለጠ ላብ ላብ ትላለች፤ ስትጫወት ውላለች ማለት ነው» ብዬው እንዳይስቅ ከንፈሩን ሲነክስ አየሁ። ሊያለቅስ ነው ብዬ እጁን ያዝኩት።

ዋናው ሥራዬ ግን ከገመዱ ወዲህ ነበር። የታመመች አይጥ እንዴት እንደምትለይ አባቴ አስተምሮኛል። ፀጉሯ ይቆማል፣ አያበራም። ጀርባዋ ይጎብጣል። ዓይኗና አፍንጫዋ ዙሪያ ይቀላል። ምግቧን ትታ ጥግ ትይዛለች። ስለዚህ እናቴን በየቀኑ እመረምራታለሁ።

«እማዬ፣ ወደ ብርሃኑ ጠጋ በዪ።»

«ለምን?»

«ፀጉርሽን ልየው።» ትጠጋለች። «አሁን ዙሪ፤ ጀርባሽን።»

«ምነው ጀርባዬ?»

«ጎብጦ እንደሆነ ላይ ነው።»

እማዬ ቀጥ ብላ ትዞርልኛለች፤ በሠልፍ ላይ እንዳለ ወታደር ትከሻዋን ነፍታ።

«ዛሬ ምን በላሽ?»

«ሁለት ዳቦ። እንቁላል። ሾርባ።»

«ሾርባውን ጨረስሽው?»

«እስከ ጠብታው።»

«ምላስሽን አሳዪኝ።» ይህ ከአይጥ ምርመራ ውስጥ የለም፤ እኔ ነኝ የጨመርኩት።

መጋረጃውን ከዘጋች በኋላ ትራስ ነክሳ እንደምታለቅስ ያኔ አላወቅሁም። እኔን ስታይ ግን ቀጥ ትላለች። መድኃኒቱ ሆዷን እያገላበጠው እንኳ፣ «ልጄ ነገ ትጠይቀኛለች» እያለች ሳህኗን ትጨርስ እንደነበር የነገረችኝ፣ እኔ ራሴ አርግዤ ምግብ አልወርድ ብሎኝ ቤቷ የተኛሁ ጊዜ ነው። እኔ ግን ያየሁትን ነበር የማውቀው፦ ፀጉሯ ማብራት ጀመረ። ጉንጯ ተመለሰ። ሳሏ ከቀን ቀን ራቀ፤ ያም ሆኖ አላመንኩትም። ጆሮዬን አቁሜ እጠብቀዋለሁ።

አንድ ቀን አባቴ ከሥራ በጊዜ መጣ። በቀጥታ ቤት አልገባም፤ ጫማ ሰፊው ሱቅ ገብቶ ኮቱ አብጦ ወጣ። በአጥሩ ክፍተት እያየሁት ነው። ኮቱ ይንቀሳቀሳል። አጎንብሶ፣ ሌባ መስሎ፣ በኋላው በር ገባ። አሃ፣ ምትክ ገዛ አልኩ በልቤ።

ጥቂት ቆይቶ በሩ ተከፈተ። እማዬ የሽቦውን ቤት በሁለት እጇ ይዛ ወጣች። የልብስ ማስጫውን ገመድ ጎንበስ ብላ አለፈችው።

መሮጥ ነበረብኝ። አልሮጥኩም። በአጥሩ ክፍተት ሾልኬ ገባሁና እዚያው ቆምኩ። እሷም ወደኔ አልመጣችም፤ የሽቦውን ቤት መሬት አስቀመጠችና ግቢው መሃል ካለው ትልቅ ሳፋ ወዲያ ማዶ ተቀመጠች። ሁለት እጇን ብብቷ ሥር ሸጎጠች።

ሳፋውን አባቴ በሳሙና ፈትጎ አጥቦታል። «የማንም ሽታ የሌለበት ቦታ ነው የሚያስፈልገው» አለ ወፍራም የሥራ ጓንቱን እያጠለቀ። «በኮፍያ ቤት ብናስተዋውቃቸው ቤቴን ልትነጥቀኝ ነው ትላለች። ይህ ግን የማንም አገር አይደለም። አሁን አደራ፣ ዓይናችሁን ከነሱ ላይ እንዳትነቅሉ። ፀጉሯን አቁማ በጎኗ ከተራመደች ልትጣላ ነው። አንዷ ሌላዋን ገልብጣ ብትጫናት አትደንግጡ፤ ማን ታላቅ እንደሆነች እየተነጋገሩ ነው። ደም ካያችሁ ብቻ ንገሩኝ። ማንም ባዶ እጁን መሃላቸው እንዳይከት።»

ኮፍያን እኔ ከዚህ ጥግ ለቀቅኋት። አባቴ አዲሷን ከዚያኛው ጥግ ለቀቃት። እንደ ወረቀት ነጭ ናት። የማስቲሽ ሽታ እስከኔ ድረስ መጣ።

አባቴ እያየኝ ነው። አንድ ነገር እንድል የሚጠብቅ መሰለኝ።

«አድጋለች» አልኩ።

ኮፍያ አንገቷን ሰገግ አድርጋ ሄደች። ነጯ ቆመች። አፍንጫ ለአፍንጫ ተነካኩ። የኮፍያ ፀጉር ጀርባዋ ላይ ቆመ። አባቴ ፎጣውን አዘጋጀ። እኔ ግን እማዬን ነበር የማየው። ከሳፋው ማዶ፣ እጇን ቀብራ፣ ራሷን ወደ ኋላ አሽሽታ ተቀምጣለች። ነርሷ በዚያ ጠዋት «በቃ፣ ለማንም አታስተላልፊም፤ ልጅሽን እቀፊያት» ብላታለች። እናቴ «እርግጠኛ ነሽ?» እያለች ነርሷ እስክትሰለች ጠይቃታለች። ያም ሆኖ የገዛ እጇን አላመነችውም። እኔ ይህን ከየት አውቄ? ለሞተችው አይጥ ሐዘን ላይ ናት፣ ምትኳን ማየት አስጠልቷታል አልኩ። ዝም ብዬ ባያት ግን ከዚያ ማዶ የምትነሳ አልመሰለኝም።

«እማዬ» አልኳት።

«ወዬ።»

«የበፊቷ እንደሞተች አውቃለሁ።»

«የበፊቷ ማን?»

«የበፊቷ አዲሷ። ባዶ ቤቷን አይቻለሁ። እንዳላዝን ብላችሁ ነው የደበቃችሁኝ፤ እኔም እንዳታዝኑ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ጭራዋንም አላየሁም፤ ውሸቴን ነው። አባዬ ጨርቁን ጫማው ላይ ሲያሽም ዝም ብየዋለሁ። ይቺም ጥሩ ናት፤ በቃ አትዘኚ።»

ከሳፋው የጥፍር ኮሽታ ብቻ ይሰማል።

«እኔ ጫማዬ ላይ አሸሁት?» አለ አባቴ።

«አውቃለሁ አባዬ። አልተቀየምኩህም።»

«ኧረ ልጄ፣ ማንም አልሞተም። ይቺው ናት። የእማዬ ሳል እንዳይዛት ብዬ ጫማ ሰፊው ጋ ነበር ያስቀመጥኳት። ሶል የምትበላዋ ሴትዮ እሷ ናት።»

«እሺ» አልኩት፤ ብዙ የዋሸን የሚወዱትን ሰው እሺ እንደሚሉት።

«እውነቴን ነው የምልሽ።»

«አምኜሃለሁ አልኩህ እኮ።» አላመንኩትም ነበር። ያመንኩት ከስንት ዓመት በኋላ ጫማ ሰፊው ራሳቸው «ያቺ የአማትህ አይጥ እንዳከሰረችኝ» ብለው ለባሌ ሲያጫውቱት ነው።

እማዬ ሳቅ ጀመረች። መጀመሪያ በአፍንጫዋ ነበር፤ ከዚያ እጇ ሳታስበው ከብብቷ ወጥቶ ሆዷን ያዘ፤ ከዚያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። «ጭራዋ… ሰጋቱራውን ስንፈልግ…» ትላለች፤ መጨረስ አቅቷታል። አባቴ አልሳቀም። ጓንት ያጠለቀ እጁ አየር ላይ ቆሟል። እኔም ትንፋሼን ይዣለሁ። ሁለታችንም ሳሉን እየጠበቅን ነበር።

ሳቀች፤ ሳቀች፤ አየር ሳበች፤ እስከ ሆዷ ድረስ ሳበችው። ሳሉ አልመጣም። እሷም እንደኛ ጠበቀችው መሰለኝ፤ ለአፍታ ዝም ብላ ራሷን አዳመጠች። ከዚያ አባቴን አየችው፤ አባቴም በጓንቱ ፊቱን ሸፈነ።

በሳፋው ዙሪያ ዞራ መጣች። ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ፣ ግንባሬን ከግንባሯ አስነካችና፣ ጭኗ ላይ አስቀመጠችኝ። አንገቷ ሥር ተወሸቅሁ። ያቺ የሳሙናና የሞቀ ጨርቅ ሽታዋ አልነበረችም፤ መድኃኒት መድኃኒት ትል ነበር። ግድ አልነበረኝም።

ከኛ መካከል አይጦቹ ትዝ ያሉት የለም። ብዙ ቆይቶ «ዓይናችሁን እንዳትነቅሉ ብዬ ነበር እኮ» ያለው አባቴ ነው፤ እሱም ይህን ሲል እኛን ነበር የሚያየው። ጎንበስ ብለን ተመለከትን። ኮፍያ በአንዱ ጥግ፣ ነጯ በሌላኛው ጥግ፣ ጀርባ ለጀርባ ተሰጣጥተው ፊታቸውን ይታጠባሉ።

«ምንም አልተዋወቁም» አለ አባቴ። «ነገ እንደገና መጀመር አለብን።»

ነገም እንደገና ጀመርን። ከነገ ወዲያም። ኮፍያ ኩሩ ስለነበረች ብዙ ጊዜ ወሰደባት፤ እኔ ግን ምንም አልቸኮልኩም። አባቴ ጓንቱን አጥልቆ ከሳፋው ማዶ ይቀመጣል፤ እማዬና እኔ ከሳፋው ወዲህ፣ በአንድ ወንበር ላይ።